ጨዋታ አለኝ በሰማይ

ከኖቬምበር መግቢያ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ድረስ በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ከሚኖር ቅርጫት ኳስ ወዳድ ሐበሻ አፍ የማይጠፋው ጥያቄ «ማን አሸነፈ?» የሚለው አይደለም፤ «የት ነው የሚታየው?» የሚለው ነው። ጨዋታው የሚጀመርበት ሰዓት ይታወቃል። ተጋጣሚው ይታወቃል። አዳራሹ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ቅርብ ነው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ሞልቶ ተሰቅሏል፤ ኢንተርኔቱ ይከፈልበታል፤ ሪሞቱም ስልኩም እጅ ላይ ነው። ጨዋታው ግን የለም። አለ፣ ግን የለም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷን የማላይ» ያሉት ሳተላይትም ስትሪሚንግም ሳያዩ መሆኑ ይገርመኛል።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎቻችን «ደግሞ የተማሪ ጨዋታ ምን ያስጨንቃል? ኤንቢኤ አለላችሁ አይደል?» ትሉ ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ እንደዚያ ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ግን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እኛ የምናውቀው ዓይነት የትምህርት ቤቶች ውድድር አይደለም። በአንደኛ ዲቪዚዮን ብቻ ከ360 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች የወንዶች ቡድን አላቸው። በዓመቱ መጨረሻ ከእነዚህ ውስጥ የተመረጡት «ማርች ማድነስ» በሚባለው የጥሎ ማለፍ ውድድር ይገናኛሉ፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ነው። ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ትንሽ ትምህርት ቤት ትልቁን ሲጥል አገሩ በሙሉ ይንጫጫል። ኤንቢኤ ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን 82 ጨዋታ ስላለው የማክሰኞው ቢያመልጣችሁ የሐሙሱ አለ። ኮሌጅ ላይ ግን በዓመት ሠላሳ ምናምን ጨዋታ ነው ያለው። ያመለጠ አመለጠ።

እኛ ሰፈር ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ከኳስም ያልፋል። በ1984 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ፓትሪክ ዩዊንግን ይዞ ሂውስተንን 84 ለ 75 አሸንፎ ዋንጫውን ሲወስድ፣ አሠልጣኙ ጆን ቶምፕሰን ይህንን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ነው እንግዲህ በሱዳን በኩል አድርገው በስደት የመጡ ወገኖቻችን አዳምስ ሞርጋን አካባቢ ክፍል ተከራይተው፣ ታክሲ ይዘው፣ ፓርኪንግ ቆመው ኑሮን አንድ ብለው የጀመሩት። ከእነዚያ ሰዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ ወሬው ወደ ኳስ ከዞረ፣ ቶምፕሰን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋት የነበረችውን ነጭ ፎጣ ሳያነሱባችሁ አትለያዩም። እንግሊዝኛው ገና በወጉ ሳይገባቸው ፎጣዋን ያውቋት ነበር። በ2002 ሜሪላንድ ኢንዲያናን 64 ለ 52 ረትቶ ዋንጫ በላ። በ2006 ደግሞ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው፣ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን፣ እዚሁ ዲሲ መሀል ከተማ አዳራሽ ውስጥ ኮኔቲከትን በተጨማሪ ሰዓት 86 ለ 84 ጥሎ የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ ገባ።

እነዚህ ሦስት ጨዋታዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሦስቱም የታዩት በሲቢኤስ ነው። ዲሲ ውስጥ ሲቢኤስ ማለት ቻናል 9 ማለት ነው። ካርድ አይጠይቅ፣ ፓስወርድ አይጠይቅ፤ አንቴናውን ማዞር ነው። ትናንት የመጣም ስደተኛ ሆነ አያት ቅድመ አያቱ እዚህ የተወለዱ ሰውዬ እኩል ያዩታል።

ዛሬስ? ሜሪላንድን እንውሰድ። ሜሪላንድ በ2014 የቆየበትን ኤሲሲ ትቶ ቢግ ቴን ወደሚባለው ኮንፈረንስ ሄደ። (ስሙ አሥር ይላል እንጂ አባላቱ ከ2024 ጀምሮ 18 ናቸው፤ መቁጠር ያቃታቸው ምሁራን የሰበሰቡት ማኅበር መሆኑ ነው።) ቢግ ቴን ደግሞ በ2022 ፈርሞ በ2023 ሥራ ላይ ባዋለው የሰባት ዓመት ውል ጨዋታዎቹን ለፎክስ፣ ለሲቢኤስና ለኤንቢሲ ሸንሽኖ ሸጠ። ስለዚህ አንድ የሜሪላንድ ደጋፊ ቡድኑን ተከትሎ ሲዞር የሚውለው እንዲህ ነው፦ አንዱ ጨዋታ በፎክስ፤ ሌላው ኤፍኤስ1 በሚባለው የፎክስ የኬብል ቻናል፤ ሌላው ቢግ ቴን ኔትወርክ በሚባለው ኮንፈረንሱ ከፎክስ ጋር በሚጋራው ቻናል፤ ሌላው በሲቢኤስ፤ ሌላው ደግሞ ፒኮክ በሚባለው የኤንቢሲ ስትሪሚንግ ላይ ብቻ። «ብቻ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ፒኮክ ላይ ብቻ የተመደበ ጨዋታ የኬብል ደንበኛ ብትሆኑም፣ ዲሽ ብትሰቅሉም፣ አንቴና ብታቆሙም አይመጣም። ፒኮክ በአማርኛ ጣዎስ ናት፤ ላባዋ ያማረ ወፍ። ላባዋን ለማየት በ2025 በወር 10 ዶላር ከ99 ሳንቲም ትጠይቅ ነበር።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከኬብል ሸሽተው የወጡ ብዙ ሰዎች የገቡበት ዩቲዩብ ቲቪ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በወር 82 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሆነ። በዚያ ላይ ፒኮክ ሲደመር፣ ለአምስት ወር 470 ዶላር ገደማ ይሆናል። አንድ ቡድን ለማየት ነው ይህ። እሺ፣ ዘመናዊው ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ ይላችኋል። ፎክስ በኦገስት 2025 ፎክስ ዋን የሚባል አፕ በወር 19 ዶላር ከ99 ሳንቲም አወጣ፤ ቢግ ቴን ኔትወርክም ኤፍኤስ1ም እዚያው ውስጥ አሉ። እሱንና ፒኮክን ይዛችሁ፣ ለሲቢኤስ መስኮት ላይ አንቴና ብታደርጉ፣ በ2025 ዋጋ ወሩን በ31 ዶላር ትወጡታላችሁ፤ አምስቱን ወር በ155። ያው ቡድን፣ ያው ጨዋታ፣ ዋጋው ግን አንድ ሦስተኛ!

ይሄ ነው እኔን የሚያበሳጨኝ። ነገሩ የዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ውድ ነው፣ አላይም» ብሎ መተው ይቻላል። እዚህ ግን ዕውቀቱ ራሱ ዋጋ ሆኗል። የትኛው አፕ የትኛውን ቻናል እንደያዘ፣ የቱ ከየቱ ጋር ሲገዛ እንደሚቀንስ፣ የቱ በየትኛው ወር ቢዘጋ እንደማይጎዳ የሚያውቅ ሰው 155 ከፍሎ ያያል፤ የማያውቀው 470 ይከፍላል ወይም ጭራሹን አያይም። ይህን የሚያውቀው ደግሞ ማነው? እንግሊዝኛው ያልቸገረው፣ ሥራው ኮምፒዩተር ላይ የሆነ፣ ጊዜ የተረፈው ሰው ነው። እንግዲህ ቤታችሁ ሁለት ልጅ ካለና አንዱ ሜሪላንድ፣ ሌላኛዋ ጆርጅ ሜሰን ወይም ሃዋርድ ከገባች አበቃላችሁ። የእነዚያ ብዙዎቹ ጨዋታዎች ያሉት ኢኤስፒኤን ስትሪሚንግ ላይ ነው። ሌላ አፕ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ፓስወርድ። ጆርጅታውንን የሚደግፍ ጎረቤት ካላችሁም እሱን አትጠይቁት፤ ያለበትን ኮንፈረንስ ጨዋታዎች በ2025 ፎክስ፣ ኤንቢሲና ቲኤንቲ ተካፍለውታል፤ ያላችሁን ችግር ሁሉ አለበት።

ለመሆኑ እንዲህ የበታተነው ማነው? ብዙ ሰው «ኤንሲኤኤ ነው» ይላል። አይደለም። የኮሌጅ ስፖርቱ የበላይ የሆነው ኤንሲኤኤ በእጁ ያለው የማርቹ ውድድር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የዓመቱን ጨዋታ የሚሸጡት ኮንፈረንሶቹ ናቸው፤ እያንዳንዱ ለየብቻው፣ እያንዳንዱ ለየገዢው። በዚያ ላይ ከተለያየ ኮንፈረንስ የመጡ ሁለት ቡድኖች ሲገናኙ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው የሚሄደው የባለሜዳው ኮንፈረንስ ወደሸጠለት ጣቢያ ነው። ሜሪላንድ እንግዳ ሆኖ በሄደ ቁጥር ደጋፊውም ዘመድ ፍለጋ እንደወጣ ሰው አዲስ ቤት ያንኳኳል።

ሥሩን ፈልጎ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያደርሰዋል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቴሌቪዥን ላይ ስንት ጊዜ እንደሚታይ የሚወስነው ኤንሲኤኤ ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች «የእኛን ጨዋታ እኛ እንሽጥ» ብለው ከሰሱ፤ በጁን 1984 ፍርድ ቤቱ በ7 ለ 2 ድምፅ ፈረደላቸው። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ዋይት ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ራሳቸው ዝነኛ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የነበሩ ሰው። ፍርዱ ስለ ፉትቦል ነው፣ ስለ ቅርጫት ኳስ አይደለም። ነገር ግን የፉትቦሉ ገንዘብ ማን ከማን ጋር አንድ ኮንፈረንስ ውስጥ እንደሚሆን ይወስን ጀመር፤ ቅርጫት ኳሱም እንደ ተጎታች ተከተለ። ሎስ አንጀለስ ያለው ዩሲኤልኤ በ2024 ቢግ ቴን ገብቶ የሜሪላንድ ማኅበርተኛ የሆነው ሁለቱ ስለሚቀራረቡ መሰላችሁ? እነሱ ሜዳቸው ላይ በማታ ሲያስተናግዱን እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ይቃረባል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያቸግራል ማለት ይኸው ነው።

በመሀል አንድ ዘመን ነበረ፤ የኬብል ዘመን። ኢኤስፒኤን በሴፕቴምበር 1979 ሲጀምር የሚያሳየው ነገር ይፈልግ ነበር፤ ኮሌጆች ደግሞ የሚያሳያቸው ይፈልጉ ነበር፤ ተገናኙ። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ማጂክ ጆንሰንና ላሪ በርድ በፍጻሜው ሲጋጠሙ አገሩ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ አምሽቷል፤ ነጋዴውም ልብ ብሏል። ከዚያ በኋላ ኬብል የገባበት ቤት ሁሉ፣ ኳስ ወደደም ጠላም፣ በየወሩ ለኢኤስፒኤን ይከፍል ነበር። ስለ ቅርጫት ኳስ ምንም የማያውቁ አሮጊት ሳይቀሩ የእኛን ጨዋታ ይደጉሙልን ነበር ማለት ነው። ቢግ ቴን ይህን አይቶ በ2007 የራሱን ቻናል ከፈተ፤ ኤስኢሲ በ2014፣ ኤሲሲ በ2019 ተከተሉ። ከዚያ ሕዝቡ ኬብሉን መቁረጥ ጀመረ። አሮጊቷም ቆረጡ። አሁን የእሳቸውን ድርሻ የምንከፍለው እኔና እናንተ ነን። ፍትሕ ነው ካላችሁኝ አልከራከርም፤ አሮጊቷ ያለ ዕዳቸው ሠላሳ ዓመት ከፍለዋል።

ድሮ ሁሉ መልካም ነበር የሚል ሰውም ካለ ልመልሰው እፈልጋለሁ። ከ2011 በፊት የማርቹ ውድድር በሲቢኤስ ብቻ ሲታይ አራት ጨዋታ በአንድ ጊዜ ቢኖር ለሰፈራችሁ የሚታየውን የሚመርጠው ጣቢያው ነው። የምትፈልጉት ጨዋታ ኦሃዮ ላሉ ሰዎች ይታያል፤ እናንተ የሚደርሳችሁ በ25 ነጥብ ያለቀለት ጨዋታ ነው። ሲቢኤስ በ2006 ጨዋታዎቹን በኢንተርኔት በነፃ ሲለቅ ደግሞ «የአለቃ ቁልፍ» የምትባል ነገር አብራ ነበረች፤ አለቃ ሲመጣ ስትነኳት ስክሪኑ ላይ የሒሳብ ሠንጠረዥ ይመጣል። ስንቱ ሠራተኛ እንጀራውን ያተረፈው በእሷ ነው! ከ2011 ጀምሮ፣ በ10.8 ቢሊዮን ዶላሩ የ14 ዓመት ውል፣ ውድድሩ በሙሉ በሲቢኤስ፣ በቲቢኤስ፣ በቲኤንቲና በትሩቲቪ ይታይ ጀመር። ትሩቲቪ የት እንዳለ ለማወቅ በየዓመቱ አንድ ቀን ያስፈልጋል እንጂ፣ ቢያንስ ማርች ላይ የት መሄድ እንዳለብን እናውቃለን። ችግሩ ጃንዋሪ ነው። ፌብሩዋሪ ነው። ቡድንን ቡድናችሁ የሚያደርገው፣ የልጆቹን ስም የምትለምዱበት፣ አዲሱ ተጫዋች ቅጣት ምት ሲስት «አይዞህ» የምትሉበት ጊዜ ያ ነው። ማርች ላይ ብቻ የሚመጣ ሰው ለሠርግ ብቻ የሚመጣ ዘመድ ነው።

አጎቴን ልንገራችሁ። ማታ ማታ የሚሠራ ሰው ነው፤ ለሜሪላንድ ያለው ፍቅር ለቅዱስ ጊዮርጊስ ካለው አይተናነስም (ለክለቡ ማለቴ ነው፤ ለታቦቱማ ሌላ ነው)። ዕረፍት በሆነበት ማታ ጨዋታውን ሲከፍት አፑ «አዲስ መሣሪያ ነው፤ የማረጋገጫ ቁጥር ልከናል» ይለዋል። ቁጥሩ የተላከው ለማን ነው? አካውንቱን ለከፈተው ልጁ። ልጁ የት ነው? ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስልኩን ዘግቶ ፈተና ያጠናል። የት? ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ! አስቡት እንግዲህ፤ ሰውየው ግብሩን የሚከፍልለት፣ የልጁን የትምህርት ክፍያ የሚከፍልለት ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለሚያጠና አመለጠው። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ቴሌቪዥን ድሮ ቁልፉ ሲጫን ይበራ ነበርኮ» አለኝ በማግሥቱ። ምን እመልስለታለሁ? «ጋሼ፣ ዘመኑ ነው» ብዬ አለፍኩት።

እኔ ራሴ ስሙን የማልጠራው አንድ የስትሪሚንግ ድርጅት ጋር አንድ ወር ብዬ ገብቼ ለመውጣት የተቆጠርኩትን አልዘረዝርም። «እርግጠኛ ነዎት?» ተባልኩ። «በግማሽ ዋጋ ቢሆንስ?» ተባልኩ። «ስለሄዱብን አዝነናል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። በሚቀጥለው ወር ሒሳቤ ተቆረጠ።

የሬስቶራንቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለች፤ በጠመኔ ማን ከማን፣ በስንት ሰዓት ተጽፎባታል። «የት ነው የሚታየው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያች ሰሌዳ ላይ ነው፤ ጥቂት ብር ከፍሎ፣ ወንበር ይዞ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር መጮህ። እዚህ ያለው የሐበሻ ሬስቶራንት ባለቤት ግን ይህን ሰሌዳ መስቀል ቢያምራትም ቀላል አይደለም። የቤት ደንበኝነት ለንግድ ቤት አይሆንም፤ የንግድ ጥቅል መግዛት አለባት፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ የሚተመነው ቤቱ ስንት ሰው ይይዛል ተብሎ ነው። ስትሪሚንግ ላይ ብቻ ያለ ጨዋታ ሲሆን ደግሞ ሌላ ውል። ትልልቆቹ የስፖርት ባሮች ይችሉታል። አሥር ጠረጴዛ ያላት፣ ማክሰኞ ማታ ስድስት ሰው የሚመጣላት ሴትዮ ግን ለስድስት ክትፎ ብላ አትገባበትም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ላይ ያው ሙዚቃ ክሊፕ ይዞራል፤ እኛም በየስልካችን ውጤት እናያለን፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አራት ስልክ።

ከፍላችሁም ቢሆን ዋስትና የለም። በ2025 የውድድር ዘመኑ የተጀመረው ኖቬምበር 3 ነው። ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 30 ማታ፣ ዩቲዩብ ቲቪና የኢኤስፒኤን ባለቤት ዲዝኒ በዋጋ ሳይስማሙ ቀርተው የዲዝኒ ቻናሎች በሙሉ ጠፉ፤ ኤቢሲም ጭምር። እስከ ኖቬምበር 14 አልተመለሱም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ከዚያ በፊት በ2023 ቻርተር፣ በ2024 ዳይሬክቲቪ ከዚሁ ዲዝኒ ጋር ተመሳሳይ ጠብ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ሁለቱም ልክ ፉትቦሉ ሲጀመር። ጠቡ ሁልጊዜ ሰው ማየት የሚፈልግበት ሳምንት ላይ መድረሱ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

አሁን የሌላውንም ወገን ልስማ። አንደኛ፣ ገንዘቡ ዛሬ ለአሠልጣኝና ለሕንፃ ብቻ አይሄድም፤ በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ልጆቹ ለዓመታት በነፃ ሲሮጡ ኖረዋልና ይገባቸዋል። ሁለተኛ፣ የሃዋርድ ጨዋታ በ1995 በቴሌቪዥን እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ዛሬ ከፍሎ መፈለግ የሚችል ያገኘዋል። ይህ እውነት ነው፤ ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች በስትሪሚንግ ተጠቅመዋል። ይህን የማይቀበል ሰው ጋር አልቆምም።

ግን እነዚህ ሰዎች «ሁሉንም ካልሸጥን ገንዘብ የለም» ሲሉ አላምናቸውም። የሴቶቹን ተመልከቱ። በ2023 የሴቶች ፍጻሜ በኤቢሲ፣ በነፃ ጣቢያ ተላለፈ፤ 9.9 ሚሊዮን ሰው አየው። በ2024 እንደገና በኤቢሲ፣ ሳውዝ ካሮላይና ከአይዋ፣ ወደ 19 ሚሊዮን ሰው። በዚያው ዓመት የወንዶቹ ፍጻሜ በኬብል ቻናሎች ነበር፤ 15 ሚሊዮን ገደማ። የሴቶቹ የወንዶቹን ሲበልጥ ያ የመጀመሪያው ነው። አዎ፣ ኬትሊን ክላርክ ነበረች፤ እሷ ከግማሽ ሜዳ ስትወረውር ሙት ይነሳል። ነገር ግን ክላርክ በፌብሩዋሪ 2024 ኮሌጅ ፓርክ መጥታ ሜሪላንድን ስትገጥምም ጨዋታው የተላለፈው በፎክስ፣ በክፍት ጣቢያ ነው። ኳስ አይታ የማታውቅ የጓደኛዬ እናት ቻናል ስትቀይር አየቻት፤ ቆመች፤ ከዚያ ወዲህ ስሟን ትጠራለች። ሰው ወደ ስፖርት የሚገባው እንዲህ ነው፤ ሳይፈልግ፣ ሳያስብ፣ ቻናል ሲቀይር። አፕ ውስጥ ሳይፈልግ የሚገባ ሰው የለም። ስለዚህ ጣዎሷ የምትሰበስበው ገንዘብ ከነባሩ ደጋፊ ኪስ ነው፤ አዲሱን ደጋፊ በር ላይ እያስቀረች። ከሃያ ዓመት በኋላ ለማን ሊሸጡ ነው?

ፖለቲከኞቹም ነገሩ ሸቷቸዋል። በ1961 የወጣ ሕግ የፕሮፌሽናል ሊጎች ጨዋታቸውን በአንድነት እንዲሸጡ ይፈቅዳል፤ ኮሌጆች ግን የሉበትም። በ2025 ይህ ለኮሌጆችም ይሁን የሚል ሐሳብ ኮንግረስ ውስጥ ቀርቧል። እኔ አንድ ትልቅ ሻጭ መኖሩ ብቻውን አያስደስተኝም፤ አንድ ላይ ሆነው የበለጠ ሊያስወድዱብን ይችላሉ። ሕጉ የሚነካ ከሆነ ግን ወደ ውስጡ አንድ ነገር ይግባበት፦ በሕዝብ ግብር የቆመ ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ በራሱ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ቢያንስ ሜዳው ላይ የሚጫወታቸው፣ በክፍት ጣቢያ ይታዩ። አገሩ በሙሉ በነፃ ይይ አላልኩም። ካሊፎርኒያ ያለው ይክፈል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ግብር ከፋይ ግን አንድ ጊዜ ከፍሏል። ቢግ ቴን በዓመት ከቢሊዮን ዶላር በላይ በሚያመጣ ውል ላይ ይህችን አንቀጽ መጨመር ያቅተዋል ብዬ አላምንም፤ የጠየቀው ስለሌለ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ለስቴት ምክር ቤት የሚወዳደሩ ሰዎች የእኛን ድምፅ ፍለጋ ቤተ ክርስቲያናችንና ሬስቶራንታችን ድረስ ይመጣሉ፤ እንጀራ በእጃቸው በልተው ፎቶ ይነሳሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ከፓርኪንግና ከንግድ ፈቃድ ቀጥሎ ይህንንም ጠይቋቸው። ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ፣ ግን ይመልሱ።

እስከዚያው ድረስ ለአጎቴ ያደረግሁለትን ልንገራችሁና ልጨርስ። ከሱቅ አንድ አንቴና ገዛሁለት፤ መስኮቱ ላይ ወደ ዲሲ አዞረነው። 4 ኤንቢሲ፣ 5 ፎክስ፣ 7 ኤቢሲ፣ 9 ሲቢኤስ፤ አራቱም ጥርት ብለው መጡ። እዚያ ላይ የማይመጡትን መኪና ውስጥ በሬዲዮ ይሰማል፤ የሬዲዮው ሰውዬ ሲጮህ ከስክሪኑ ይልቅ ይሻለኛል ይላል። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ከኔ ጋር ሃዋርድ ሊሄድ ተስማምቷል። በር ጂምናዚየም ትንሽ ናት፤ ሦስት ሺህ ሰው እንኳ አትይዝም፤ የተጫዋቾቹ ጫማ ወለሉ ላይ ሲጮህ ይሰማል። ከዚያ ወጥቶ ዩ ስትሪት በእግር ነው። በሩ ላይ የሚጠይቁት ትኬት ብቻ ነው፤ የማረጋገጫ ቁጥር አይልኩም።